ማሽኑ የተኛበት ሰዓት

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘበኛው ጋሽ ስቶይል የሉቤን ክፍል መብራት እንደበራ አይቶ ሊያጠፋ ገባ። ሉቤን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቷል። እንቅልፍ የጣለው መስሎት "አንተ ሰው፣ ቤት የለህም እንዴ?" አለው። ሁለት ጊዜ ጠራው። ደሙን ያየው ከዚያ በኋላ ነው።

እኔ ስደርስ ሁለት ሰዓት አልፏል። ስሜ ቬሴላ ነው። በእኛ አገር ቋንቋ ደስተኛ ማለት ነው፤ አባቴ ሲያወጣልኝ ብዙም አላሰበበትም። በፕሎቭዲቭ ፖሊስ በግድያ ምርመራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ድሮ ሬሳ ባየሁበት ቀን ምሳ አልበላም ነበር። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን ምንም አይለኝም። ሬሳ አያለሁ፣ ምሳዬን እበላለሁ፤ ሁለቱም አንድ ሆነውብኛል።

ቦታው የድሮ የትምባሆ መጋዘን ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሆስፒታል ፓምፕ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት አለ፤ በበሽተኛ ደም ሥር መድኃኒት በልክ የሚያንጠባጥብ ፓምፕ። የሞተው ሉቤን ካራስቶያኖቭ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ የፓምፑን ፕሮግራም የሚጽፉትን የሚመራ። ከኋላው በትንሽ የጠረጴዛ ሞርሳ፣ ዕቃ ጨምቆ በሚይዝ ብረት፣ ተመቷል፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሞርሳው በጨርቅ ተጠርጎ ቦታው ተመልሷል። ሐኪሙ ሐሙስ ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው አለ። ከዚያ በላይ ማጥበብ አልቻለም።

ወንበሩ ሥር ቀይና ነጭ ክር አገኘን። አንዱ ወጣት ፖሊስ ደስ ብሎት በፕላስቲክ ከረጢት ይዞልኝ መጣ።

"እጅህን አሳየኝ" አልኩት።

እሱም አስሯል። እኔም አስሬአለሁ። ዘበኛውም አስሯል። በመጋቢት ወር በዚህ ከተማ ለፀደይ መግቢያ ቀይና ነጭ ክር እጁ ላይ ያላሰረ ካገኘን እሱን ነበር መጠርጠር የሚገባን። ክሩ በኋላ የሟቹ የራሱ ሆኖ ተገኘ።

የሉቤን ላፕቶፕ ክፍት ነበር፤ ሲሠራ አድሯል። ጎኑ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ባዶ ነው። ባለሙያችን ጋሊን አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

"ምን አገኘህ?" አልኩት።

"አለቃ፣ ይሄ ሰውዬ ባህታዊ ነው። ማሽኑ ላይ ምንም የለም። የዕለት ማስታወሻ የሚይዙትን ፕሮግራሞች በሙሉ አጥፍቷቸዋል። የቀረው ከሥር ያለው የድራይቨሮቹ መዝገብ ብቻ ነው።"

"በሰው ቋንቋ ንገረኝ።"

"ማሽን ውስጥ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ አስተርጓሚ አለው። ማውሱም፣ ፍላሹም፣ ሁሉም። ያንን ነው ድራይቨር የሚሉት። አንድ ነገር ሲገጥመው አንድ መስመር ይጽፋል። ፍላሽ ተሰካ፣ ፍላሽ ተነቀለ፣ እንደዚህ። ሰዓቱንም ይጽፋል፣ ግን ማሽኑ ከተነሳ ጀምሮ ስንት ሴኮንድ እንደሆነ ነው የሚለው። እኔ የስልክ ሰው ነኝ፣ በዚህ እጄ አይፈታም።"

"እኔ ልርዳችሁ?" አለ በሩ ላይ የቆመ ሰው።

ካሜን ጁሮቭ ነበር፣ የሉቤን ባልደረባ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ዓይኑ በለቅሶ የቀላ። ለእኛ ብሎ ከታች ባኒፃ የሚባለውን የአይብ ቂጣና አይራን የሚባለውን የእርጎ መጠጥ ገዝቶ መጥቷል። ቁርስ ስላልበላሁ ወሰድኩ። ሳይቀመጥ ቆሞ ጥቂት ቁልፍ ነካ፤ ሴኮንዶቹ ወደ ሰዓት ተቀየሩ።

"ይኸው" አለ። "ፍላሹ የተነቀለው ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም መስመር የለም።"

ፍላሹን ነቅሎ የወሰደው ገዳዩ ነው፤ ሉቤን የሞተበት ሰዓት ብዬ በማስታወሻዬ ጻፍኩት። 11፡02። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

*

በዚያ ሰዓት ሕንፃው ውስጥ ማን ነበር? መግቢያውና መውጫው በካርድ ነው፤ ዝርዝሩን አስወጣን። የድርጅቱ ባለቤት ከረቡዕ ጀምሮ ቪየና ነው። ካሜን አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ወጥቶ ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበር፤ ሐኪሙ አፉን እንደከፈተ እንዳቆየው መሰከረ። የቀረችው ስኔዣና የምትባል የፕሮግራም ፈታሽ ናት። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ወጥታለች።

ጋሽ ስቶይልን ጠየቅኩት።

"በጓሮ የዕቃ መግቢያ አለ አይደል?"

"ተቆልፏል። ሁልጊዜ ይቆለፋል" አለ። ጫማውን እያየ ነበር የመለሰልኝ። እንዳየ አየሁት፤ ግን ዝም አልኩ። በዚያ ሰሞን ብዙ ነገር አይቼ ዝም እል ነበር።

ስኔዣና የአርባ አንድ ዓመት ሴት ናት። ፀጉሯን ራሷ ነው የምትቆርጠው፣ ያስታውቃል። ባለፈው ሳምንት ሉቤን ሥራዋን ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ እንዳልነበረ አድርጎ ነቅፎባታል። እሷም በሁሉም ፊት አልቅሳ "አንድ ቀን እዚህ ጠረጴዛህ ላይ ተደፍተህ ትቀራለህ!" ብላዋለች።

"ብለሻል?"

"ብያለሁ።"

"ስትወጪ ምን ይሠራ ነበር?"

"ይሠራ ነበር። ደህና እደሪ አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።"

"አሥራ አንድ ከሃያ አምስት ላይ?"

"አዎ።"

"እሱ አሥራ አንድ ከሁለት ላይ ሞቷል።"

"እንግዲያው ደህና እደሪ ያለኝ ሬሳው ነው" አለች። ከዚያ በተናገረችው ደነገጠች። "ኢንስፔክተር፣ አባቴ ብቻውን ነው። ባቡር ነጂ ነበር፣ አሁን የዛሬን ከትናንት አይለይም። ማሰር ካለብዎ ይሰሩኝ፣ ግን ለጎረቤቴ ይደውሉላት።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሰርኳት። ለጎረቤቷ ደወልኩ። ጎረቤቲቱ እስከ ሰኞ ቀትር ብቻ ነው የምችለው አለች፣ ልጇ ልትወልድ ስለሆነ ቫርና መሄድ አለባት። የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ ደግሞ ከሰኞ ስድስት ሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ተራራው ላይ ወዳለው መጦሪያ እንደምትወስደው ነገረችኝ። መጦሪያውን አውቀዋለሁ። ከዚያ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ዐቃቤ ሕጓ ወይዘሮ ስታሜኖቫ በስልክ አመሰገነችኝ። "ሰባ ሁለት ሰዓቷ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ያልቃል። ማለዳውኑ ክሱን እፈርማለሁ። ሰው ሊዋሽ ይችላል፣ ማሽን ግን አይዋሽም።"

እኔም እንደዚያው አሰብኩ። ቤቴ ገብቼ ሾርባ አሞቅኩ። የባንክ ሰው ደውሎ ቶዶርን አገናኙኝ አለኝ። "የለም" አልኩት። ባሌን ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ የለም። ውሸት አይደለም።

*

እሑድ ከምሳ በኋላ የቶዶር እናት፣ እማማ ፔና፣ ደወለች።

"ወረቀቱን ለጠፍሽ?"

የሙት ማስታወቂያውን ማለቷ ነው። ሰው በሞተ በስድስት ወሩ ፎቶውን አሳትመን በር ላይና ሰፈሩ ዛፍ ላይ እንለጥፋለን፣ ለነፍሱም ዳቦ እናድላለን። የታተመው ወረቀት ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል።

"በሚመጣው ሳምንት አይደል? በቀኑ እለጥፈዋለሁ።"



"ቬሴላ፣ ልጄ፣ ስድስት ወሩ ሐሙስ ነበር እኮ። ከመስከረም አሥራ ሁለት እስከ መጋቢት አሥራ ሁለት ቁጠሪው እስቲ። ጠዋት መቃብሩ ጋ ስጠብቅሽ ነበር። ለማን ዳቦ እንዳደልኩ ታውቂያለሽ? ለመቃብር ቆፋሪዎቹ።"

አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የቀን መቁጠሪያውን አወረድኩ። ከቀብሩ ጀምሮ ሥራ የገባሁበትን ሳምንት እያንዳንዱን በእርሳስ ምልክት አድርጌአለሁ። በኅዳር አንድ ሳምንት ግን ባዶ ነው። ትዝ አለኝ። ያን ሳምንት ሶፋው ላይ ተኝቼ ነበር የከረምኩት፤ ታምሜአለሁ ብዬ ነው የቀረሁት። ያልነቃሁበትን ሳምንት አልቆጠርኩትም። የራሴ መቁጠሪያ በትክክል ሰባት ቀን ወደኋላ ቀርቷል።

ቁጭ ብዬ ባዶውን ሳምንት አየሁት። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ የካርዱን ዝርዝር አወጣሁ። ሉቤን ሐሙስ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ወጥቷል። ሰባት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ላይ ተመልሷል።

ለጋሊን ደወልኩ።

"ላፕቶፕ ክዳኑ ሲዘጋ ምን ይሆናል?"

"ይተኛል።"

"ሲተኛ ሴኮንዱን ይቆጥራል?"

"መቼም... " አለና ቆመ። "አለቃ፣ እስቲ ቆይ። የራሴን አስተኝቼ ልየው።"

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መልሶ ደወለ። ድምፁ ተቀይሯል።

"አሥር ደቂቃ አስተኛሁት። ከዚያ ፍላሽ ነቀልኩ። መዝገቡ የነቀልኩበትን ሰዓት አሥር ደቂቃ አስቀድሞ ነው የጻፈው። የተኛበትን አይቆጥርም፣ አለቃ። ጉድ ሆንን።"

"አንተ አይደለህም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

ለጋሽ ስቶይል ቤቱ ሄድኩ። በር ላይ በካልሲ ወጣ።

"ሉቤን ለምሳ ሲወጣ ላፕቶፑን ምን ያደርገው ነበር?"

"ክዳኑን ገጭ ያደርገዋል። በየቀኑ። ከዚያ ማሪፃ ወንዝ ዳር ሄዶ ለድመቶች ያበላል። ለሰው ያልነበረውን ትዕግሥት ለድመት ነበረው።"

"የጓሮውስ በር?"

ጫማ ስላልነበረው ካልሲውን አየ።

"ጋሽ ስቶይል፣ አንዲት ሴት ታስራለች።"

"ጡብ አደርግበታለሁ" አለ። "ለሲጋራ ስወጣ እንዳይዘጋብኝ። ጡረታዬ አራት ወር ነው የቀረው፣ ኢንስፔክተር፣ እንዳያባርሩኝ ብዬ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እራት ልገዛ ስሄድ ጡቡን ረስቼው ነበር።"

ስድስት ከአርባ፣ ሰባት ከሃምሳ አንድ። አንድ ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ። አሥራ አንድ ከሁለት ላይ ሲደመር አሥራ ሁለት ከአሥራ ሦስት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ስኔዣና የአባቷን መድኃኒት ልትገዛ ፋርማሲ ተሰልፋ ነበር፤ ደረሰኙ ዓርብ ቦርሳዋ ውስጥ ተገኝቷል፤ ሰዓቱ የማይጠቅም መስሎኝ ነበር።

*

እስር ቤቱ ውስጥ ስኔዣና ጫማዋን ያለ ማሰሪያ ተጫምታ ገባች። ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተደሰተችም። ደክሟታል።

"ይሄ እኮ ሥራ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ነው" አለች። "መዝገቡን ማነው ያነበበላችሁ?"

"ካሜን።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ካሜን እንዲህ ብሎ አይሳሳትም። ማስጠንቀቂያውን የጻፈው እሱ ነው።"

"የቱን ማስጠንቀቂያ?"

"የድርጅታችን መመሪያ ላይ አለ። ወቀሳ ጠይቁ።"

"ምን?"

"ወቀሳ። እኛ ዘንድ እያንዳንዱ መስመር ማን እንደጻፈው፣ በምን ቀን እንደጻፈው ተይዟል። ኮምፒውተሩን ይሄ የማን ነው ብለን የምንጠይቅበት ትእዛዝ ስሙ ወቀሳ ነው። ስቀን ነው ያወጣነው ይላሉ፣ ግን ማንም ሲሰማው አይስቅም።" ትንሽ አሰበች። "መመሪያውን ስትጨርሱ ፓምፑ ውስጥ ያለውን የፍሰት መለኪያ ድራይቨርም ጠይቁ። ሉቤን በዚህ ሳምንት እሱን ነበር ከፍቶ የሚያፈጥበት። ለማንም አልተናገረም።"

ወይዘሮ ስታሜኖቫ ቤቷ ስደውልላት ተበሳጨች። "ሰኞ ጠዋት አንድ ነገር አምጪልኝ፤ ካልሆነ እፈርማለሁ" አለች።

*

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ካሜንን ወደ ሉቤን ክፍል አስጠራሁት። ጋሊን ጥግ ላይ ተቀምጧል።

"አንድ ጊዜ ደግመህ አንብብልኝ" አልኩት። "ለሪፖርቱ ነው።"

አነበበ። "አሥራ አንድ ሰዓት ከሁለት።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"ማሽኑ የሚለውን ነው የማነበው።"

ጋሊን ማያውን ወደ እሱ አዞረው። የድርጅቱ መመሪያ ነበር፣ አንድ ገጽ። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

"ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ቁጥር ማሽኑ የተኛበትን ጊዜ አይቆጥርም። ሰዓት ለመናገር አትመኑት።"

ጋሊን ትእዛዙን ጻፈ። ከመስመሩ ጎን ስም ወጣ። ካሜን ጁሮቭ፣ ከሰባት ዓመት በፊት።

ካሜን ስሙን አየው። እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ፤ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ እንቅልፍ እንዳልነካው አሁን ታወቀኝ።

"ከጥርስ ሐኪሙ ወጥተህ በጓሮ ገባህ። ጡቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ" አልኩት።

ስሙ ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

"ሌላም መስመር አለ። የፓምፑ። ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ አንድ ቃል ቀይረሃል።"

"ይጮህ ነበር" አለ። ድምፁ ያው ዝቅ ያለው ድምፅ ነው። "መለኪያው ለአፍታ መልስ ሲያጣ ማያው ላይ ይጮህ ነበር። አብዛኛው የውሸት ጩኸት ነው። ነርሶች ተማረሩ፣ ባለቤቱ ዝም አሰኘው አለኝ። 'ስህተት' የሚለውን 'ለፍተሻ ብቻ' አደረግኩት። በእኛ ሙያ ደህና ድራይቨር ዝምተኛ ነው። መስመሩ ይጻፋል። ብቻ ለማንም አይታይም።"

"ከዚያስ?"

"በኅዳር በእኛ ፓምፕ መድኃኒት የሚወርድላት አንዲት ሴት ሞተች። ሉቤን ከፓምፑ መዝገቡን በፍላሽ ገልብጦ አመጣ። ሌላ ግልባጭ የለም፣ ፓምፑ ላይ የነበረው ተደምስሷል። 'የፍሰት መለኪያው አይመልስልኝም' የሚል መስመር ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተጽፏል። ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ ተናግሯል፣ ኢንስፔክተር። ማንም አልሰማውም።" አፉን ጠረገ። "ዓርብ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሊሰጠው ነበር። አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ እኔው ራሴ ልናገር አልኩት። 'ስምህ መስመሩ ላይ አለ፣ ምን ቀረህ' አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ሥራውን ቀጠለ።"

"ስኔዣናስ?"

"እሷን አላሰብኳትም። የማስበው ሰዓቱን ብቻ ነበር።"

ይህን ሲለኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደድኩ። ከስንት ወር በኋላ የተሰማኝ ነገር እሱ ነው፣ ንዴት። ፊቴን ሲያቃጥለኝ ታወቀኝ።

"ፍላሹ የት አለ?"

ከኮቱ የውስጥ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሦስት ቀን ሙሉ ሊጥለው ወንዝ ዳር ወንዝ ዳር ሲዞር ከርሟል።

"መጣል አቃተኝ" አለ። "መዝገብ እኮ ነው።"

*

ወረቀቱ ፈጠን ብሎ አያውቅም። ስታሜኖቫ ስኔዣናን የሚፈታውን ስትፈርም አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። የራሴን መኪና አስነሳሁ። መንገድ ላይ ስኔዣና ሰዓቱን ብቻ ታያለች። ቤታቸው ያለበት ትራኪያ ሰፈር ስንደርስ ዳቦ ቤቱ ጋ "አንዴ ያቁሙልኝ" አለች፤ ከዚያ "ይተዉት፣ ይሂዱ" አለች። እኔ ቆሜ ሮጬ አንድ ዳቦ ገዛሁ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቅኩም።

የማዘጋጃ ቤቱ ነጭ መኪና ሕንፃው በር ላይ ቆሟል። ደረጃውን ስኔዣና ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ሽማግሌው ኮቱን ለብሶ፣ የባቡር ነጂ ቆቡን አድርጎ ኮሪደር ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሻንጣው አጠገቡ ነው። እጁ ላይ ቀይና ነጭ ክር ታስሯል። የማዘጋጃ ቤቷ ሴት ወረቀት ይዛ ትጠብቃለች፤ ወረቀቴን አሳየኋት፣ አነበበችው፣ ትከሻዋን ሰብቃ ወረደች።

ስኔዣና ፊቱ ተንበረከከች።

"አባዬ፣ መጣሁ። ይቅር በለኝ፣ ቆየሁ።"

ሽማግሌው ገርሞት አያት።

"የት ቆየሽ? አሁን አይደል እንዴ የወጣሽው? ዳቦ ይዘሻል?"

ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት። እሱ ዘንድ አልተቆጠረም። ስኔዣና ጉልበቱ ላይ ራሷን አኑራ ስቃ ይሁን አልቅሳ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ዳቦውን ሰጠሁት። ጫፉን ቆረሰና ቀና ብሎ አየኝ።

"እርስዎስ የማን ነዎት?"

"የቶዶር ሚስት ነኝ።"

"እሱስ የት አለ?"

አፌ ላይ የነበረው የለመድኩት ቃል ነው። አልወጣልኝም።

"ሞቷል፣ አባባ" አልኩት። "ሐሙስ ስድስት ወሩ ሞላ።"

ሽማግሌው ቆቡን አወለቀ። የዳቦውን ቁራሽ በሁለት እጁ ያዘ፤ ሌላውን ሁሉ ቢረሳም ይህንን አልረሳም።

"እግዚአብሔር ይማረው" አለና ቁራሹን በላ።

እኔም በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።